በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሠርቷል

ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ሶፍትዌር ተሠራ። አንዲት ተራ ሠራተኛ፣ ሶፍትዌሩ በየጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ የሙከራ ፕሮግራሞችን ከሶፍትዌሩ ጋር አብራ ልትልክ ስትል፣ ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ዳይሬክተር አቶ ምንተስኖት የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ተቆጧት።

«በእኔ ኮምፒውተር ላይ አንድም ስህተት አላሳየም! የእኔን ያለፈ በእነዚያ ቅራቅንቦዎች ሊወድቅ ነው? ሙከራዎቹን አውጪና ‹በሁሉም ማሽን ተፈትሾ አልፏል› ብለሽ ፈርሚ። አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!» ብለው ወረቀት ወረወሩላት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጌታዬ፣» አለቻቸው፣ «እርስዎን ስላላመመዎት የገጠሩ በሽተኛ ሁሉ ድኗል ብዬ ልፈርም?»

ኃላፊዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሙከራዎቹም ከሶፍትዌሩ ጋር ተላኩ።