ቀሪዋ ኤሊ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው በጆሮው፣ የሌለው በዓይኑ ይስማኝ።

በአንድ የእንስሳት ትምህርት ቤት፣ ድምፁ ሰፈር የሚያናጋ አውራ ዶሮ ያስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት መዝገቡ ላይ አቀርቅሮ ስም ይጠራል። ጆሮዋ የማይሰማው ኤሊ አንድም ቀን “አቤት” ብላው ስለማታውቅ “ቀሪ” ብሎ ይጽፍባታል።

“ቲቸር፣ ኧረ ፊትዎ ተቀምጣለች” አለችው ጦጣ።

“አቤት ያላለ ቀሪ ነው” አላት ቀና ሳይል። “ቀሪዋ በዝቷል፣ ነገ ትባረራለች።”

በማግስቱ ዶሮን ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጥፍት አለ። የዚያኑ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አንበሳ ራሱ ስም ሊጠራ መጣ። መዝገቡ ላይ አቀርቅሮ ከመምህሩ ጀመረ።

“አውራ ዶሮ።”

ዶሮ አፉን ቢከፍት ትንፍሽ የለም። ደንግጦ ክንፉን ሽቅብ አነሳ።

“ቀሪ” አለ አንበሳ፣ ቀና ሳይል። “መምህር ከቀረማ ዛሬውኑ ይባረራል።”

ዶሮ ክው አለ። ክንፉን እንዳነሳ ምስክር ፍለጋ ዞር ሲል፣ ኤሊ ከፊት ወንበር ላይ የፊት እግሯን ሽቅብ አንስታ አያት።

“እሷማ መዝገብ ከተከፈተ እስኪዘጋ እግሯን አታወርድም” አለችው ጦጣ። “ዓመቱን ሙሉ።”

ተረቴም እዚህ ላይ ቀረች።