ነፋስ የተከሰሰበት ክረምት

ነፋስ ማለት የሚሄድ አየር ነው። እጅ የለውም፤ ጥርስ የለውም፤ በማንም ልጅ ላይ ቂም የለውም። ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ቤት ሠርተው ሲኖሩ፣ እንግዳ አክባሪ የሆነች እመት ጦጣ ነበረች። ድንቡሼ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ሁለት ጎረቤቶችም ነበሯት፦ ሁሉን አውቃለሁ የሚለው አያ ቀበሮና ንግግሩ ዝግ ያለው አባ ኤሊ።

ክረምት ገባ። ድንቡሼ አስነጠሰው።

አያ ቀበሮ ራሱ እየሳለ ሊጠይቅ መጣ። “እህ! እህ! ነፋስ ነው የመታው፤ በመስኮቱ ነው የገባው” አለ። መስኮቱን በጭቃ ደፈነ፤ እመት ጦጣ ያቀረበችለትን ማር በላ፤ “ይማርህ የኔ ጌታ” ብሎ የልጁን ጉንጭ ግራና ቀኝ ሳመና ሄደ።

ድንቡሼ ማሳል ጀመረ።

አያ ቀበሮ እየሳለ ተመለሰ። “እህ! እህ! ተንኮለኛ ነፋስ! ለካ በበሩ ስንጥቅ ነው።” ስንጥቁን ደፈነ፤ ማር በላ፤ ልጁን ስሞ ሄደ።

ድንቡሼን ትኩሳት ያዘው።

አባ ኤሊ ደጅ ቆሞ፣ “እመት ጦጣ፣ መስኮቱን ክፈቺ፤ የሚስለውን እንግዳ መልሺ” አለ።

“ልጄን ሊጠይቅ የመጣውን? አገር ምን ይለኛል!”

“አገሩ አልታመመም። የታመመው ልጅሽ ነው።”

“ድንጋይ ለብሰህ እየዞርክ ስለ ብርድ ልትነግረኝ?”

አባ ኤሊ ተቀየመና ቀስ ብሎ ሄደ። ደግሞ ቢነግራት ደግ ነበር።

አያ ቀበሮ እየሳለ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። “እህ! እህ! በጭስ መውጫው ነው!” ጭስ መውጫውን ደፈነ፤ ማሩን ጨረሰ፤ ልጁን ስሞ ሄደ። ማሩ ስላለቀ አልተመለሰም።

ድንቡሼ “ጆሮዬን! ጆሮዬን!” እያለ አለቀሰ። ከሁለቱም ጆሮዎቹ መግል ወረደ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። እመት ጦጣ መተንፈስ ቢያቅታት ጭቃውን በጥፍሯ ቧጥጣ መስኮቱን ከፈተች። ነፋስ ገባ፤ ጭሱን ይዞ ወጣ። ሌላ ምንም አላደረገም።

በሳምንቱ ድንቡሼ ደጅ ወጥቶ ተጫወተ። እናቱ ከኋላው ጠራችው። አልዞረም። ጮክ ብላ ጠራችው። አልዞረም። እያለቀሰች ጠራችው። አልዞረም።

እንግዲህ ልጆች፣ ጉንፋን የሚመጣው ጉንፋን ከያዘው ሰው ነው። የሚስል ሰው ልጅ አይስምም፤ የሚስልን እንግዳ ከደጅ መመለስም ነውር አይደለም።

አያ ቀበሮ ሳሉ ለቀቀው። ነፋስ አባራሪ ተብሎ ዛሬም ከየቤቱ ይጠራል። እመት ጦጣ መስኮቷን አትዘጋም። ልጇን ስትፈልገው ሄዳ ትከሻውን ትነካዋለች።