የቡችላው ሰባት ቤት

በሾላ ገደል ሰው ሩቅ ደክሞ፣ ብዙ ከስሮ፣ ከቤቱ የነበረውን ነገር በውድ ይዞ ሲመለስ የሚተረትበት አንድ ተረት አለ። ልጅ ሳለሁ ስለ አጥር የሚያወራ ይመስለኝና ምኑ እንደሚያስቅ አይገባኝም ነበር። መነሻውን የነገረኝ ልብስ ሰፊው ተካልኝ ነው። እውነት ከሆነም የእሱ፣ ውሸት ከሆነም የእሱ ነው፤ እኔ የጨመርኩት ጥቂት ነው።

ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዘር መቁጠር ነፍሳቸው ነው። እጅ የነሳቸውን ሰው «ደኅና ነህ?» ከማለታቸው በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ሲነግራቸው «እሱስ የማን?» እያሉ እስከ ቅድመ አያት ይዘልቃሉ፤ ሰውዬው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶት ይሄዳል።

እኚህ ሰው ቻለው የሚባል ውሻ ነበራቸው። ቀለሙ አመድ ይሁን ቡላ ያልለየለት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግቢውን የጠበቀ ውሻ ነው። ባላምባራስ «ዘር የለውም» ይሉና ዞር ብለውም አያዩት። የሚያበላውም፣ እሾህ ሲወጋው የሚነቅልለትም ሚስታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ናቸው። ከአጥሩ ሥር ቻለው እንዳሻው የሚወጣበትና የሚገባበት ቀዳዳ ነበር። ወይዘሮ አመለወርቅ «ኧረ ይቺን ቀዳዳ ይድፈኑልኝ» ሲሏቸው፣ ባላምባራስ «ቢወጣስ ማን ይሰርቀዋል?» ብለው ያልፋሉ።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ አመለወርቅ ለእህታቸው ልጅ ክርስትና ሄደው ሦስት ቀን ቆዩ። በመሐሉ የቅዳሜ ገበያ ዋለና ባላምባራስ ከሸዋቀና ጋር ተገናኙ።

ሸዋቀና ፈረንጆች መንገድ ሲሠሩ ዘበኛቸው የነበረ ሰው ነው፤ ቤቱም ከባላምባራስ ግቢ ጀርባ ካለው ጅረት ማዶ ነው። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ሎላ የምትባል ጆሮዋ የቆመ ውሻቸው ለእሱ ቀርታለች። ባላምባራስን ሲያይ ከጋቢው ውስጥ አንድ ቡችላ አወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህን እንደ ውሻ አይዩት። ንጹሕ የጀርመን ዘር ነው።»

«ጆሮው ወድቋል እኮ።»

«አማርኛ ስለሚሰማ ነው። በፈረንጅ አፍ ሲያዙት ይቆማል።»

ባላምባራስ እንዲህ በቀላሉ የሚታለሉ አይደሉም፤ ጥቂት መታሸት ይፈልጋሉ። «ንጹሕ ለመሆኑስ ምልክቱ ምንድን ነው?» አሉ።

ሸዋቀና የቡችላውን የግራ የኋላ እግር ብድግ አደረገ። ከሌሎቹ ጣቶች ከፍ ብላ አንዲት ትርፍ ጣት ተንጠልጥላለች።

«ይህቺ ናት ማኅተሙ! ተራ ውሻ ላይ ይህቺን ጣት ፈልገው ካገኙ እኔ ሸዋቀና አይደለሁም!»

ብር አልፈልግም አለ። የፈለገው ቦራን ነው። ቦራ የወይዘሮ አመለወርቅ ጊደር ናት፤ እናታቸው ሊሞቱ ሲሉ የሰጧቸው፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን ልትወልድ አንድ ወር የቀራት። ባላምባራስ ትንሽ ሲያመነቱ ሸዋቀና ቡችላውን ወደ ጋቢው መለሰና «ግድ የለም፣ ቀኛዝማችም ጠይቀውኛል» አለ። ይህን ጊዜ ባላምባራስ ቦራን በገዛ እጃቸው ጎትተው አስረከቡት።

ወይዘሮ አመለወርቅ ሲመለሱ ከቦራ ችንካር ላይ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ባላምባራስ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቡችላውን ፊት ለፊት አቁመው፣ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈቻቸውን ብቸኛ የፈረንጅ ቃል ይጮኻሉ፤ «አቫንቲ! አቫንቲ!» ቡችላው ጆሮውን ሳያነሳ ጫማቸው ላይ ሸናባቸው።

«ሰላም በይ እንጂ» አሉ ባላምባራስ፣ «ፊታውራሪ ይባላል።»

«ከአንቱ በላይ ሾሙት?» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ። «ቦራስ የት አለች?»

«ተለወጠች።»

«በምን?»

ባላምባራስ በአገጫቸው ወደ ቡችላው አመለከቱ።

ወይዘሮ አመለወርቅ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡና አለቀሱ። የእናታቸው ስጦታ፣ የዓመቱ ወተትና ቅቤ ተስፋቸው፣ አንድ መዳፍ በምትሞላ ፍጥረት ሄደች! ቡችላው ማልቀሳቸውን ጨዋታ መስሎት እግራቸው ሥር ተንጋለለና አራት እግሩን ወደ ሰማይ አነሳ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አመለወርቅ አንድ ነገር አዩና ለቅሷቸው ቀጥ አለ። ያዩትን ግን አልተናገሩም። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣

«ባላምባራስ፣ ልጃችንን ስንድር ስንት ቤት ቆጠሩ?» አሉ።

«ሰባት ነዋ!»

«ሎሌ ሲያስገቡስ?»

«ከአራት በታች አልቀበልም።»

«እንግዲያው በቦራዬ ምትክ የገባው ፊታውራሪ ለምን አይቆጠርም? ሰባት ቤት ከሞላ አንድ ቃል አይወጣኝም። ካልሞላ ጊደሬ ትመለስልኝ።»

ባላምባራስ በገዛ ገመዳቸው ታሰሩ። ዘር አይቆጠር ቢሉ የዕድሜ ልክ ንግግራቸውን መብላት ሊሆንባቸው ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልባቸው ሊሰማው ቋምጧል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ቢተው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አያ ቢተው የአገሩ ዘር ቆጣሪ ናቸው፤ እሳቸው ሳይቆጥሩ በሾላ ገደል ሙሽራ አይወጣም። ሸዋቀናም አዲስ ኩታውን ለብሶ መጣ፣ «ካልሞላ ጊደሯን እመልሳለሁ» ብሎም በሽማግሌ ፊት ማለ። ሁለት ዓመት ከመንገድ ሠሪ ጋር የኖረ ሰው ነውና አፉ አልተያዘም፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወረደው።

«ፊታውራሪ የሎላ ልጅ፣ ሎላ የግሬደር ልጅ፣ ግሬደር የካምቢዮ ልጅ፣ ካምቢዮ የፍሪሲዮን ልጅ፣ ፍሪሲዮን የራዲያተር ልጅ፣ ራዲያተር የቡሎን ልጅ፣ ቡሎን የፍሬን ልጅ!» ፍሬን ላይ ሲደርስ ቆመ።

በዚያ ዘመን በሾላ ገደል እነዚህን ስሞች መኪና ውስጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባላምባራስ ዓይን እንባ አቀረረ። «ራዲያተር! አቤት ስም! ስሙ ራሱ ዘር ዘር ይላል» አሉ።

አያ ቢተው ጢማቸውን አሻሹ። «ደግ። ይህ በእናቱ ነው። እስቲ በአባቱ ደግሞ ቁጠርልኝ።»

ሸዋቀናን ሳል ያዘው። «በፈረንጅ አገር… የሚቆጠረው በእናት ብቻ ነው።»

«እኛ ያለነው ሾላ ገደል ነው። ለመሆኑ አባቱን አይተኸዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«ምን ይመስላል?»

«አንበሳ ነው እንጂ ውሻ አይባልም! ሲራመድ ምድር ይጠበዋል። በግራ የኋላ እግሩም ይህቺው ማኅተም አለችበት።»

«የት ይኖራል ታዲያ?»

«እሱማ…» ሸዋቀና ኩታውን አስተካከለ፣ «መጣ እያለ ይሄዳል።»

ወይዘሮ አመለወርቅ ይህን ቃል ነበር የሚጠብቁት። ብድግ አሉና ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ። «ቻለው! ና ቻለው! ና የኔ ጌታ!»

ከጅረቱ ማዶ፣ በሸዋቀና ቤት በኩል፣ የውሻ ድምፅ መለሰ። ጥቂት ቆይቶ በቀዳዳው መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ አንድ የተቀደደ ጆሮ፣ ኋላም በጭቃ የተለወሰ ቻለው ብቅ አለ። ባዕድ ሰው ሲያይ የሚያብደው ውሻ ቀጥ ብሎ ሸዋቀና ላይ ተጠመጠመና፣ እንደ አሮጌ ወዳጅ እጁን ይልስ ጀመር። ሸዋቀና በሹክሹክታ «ሂድ! ሂድ አልኩህ!» ቢለው ባሰበት። ፊታውራሪም ከባላምባራስ ጉያ ዘሎ ወረደና በቻለው ጭራ ላይ ተንጠለጠለ።

አያ ቢተው ዝቅ ብለው የቻለውን የግራ የኋላ እግር አነሱ። አዩና ቀና አሉ። «ባላምባራስ፣ ይምጡና አንቱ ይቁጠሩ።»

ባላምባራስ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻቸው አጠገብ ተንበረከኩ። ትርፏ ጣት ተንጠልጥላለች። ወደ ቡችላው አዩ፣ ወደ ቻለው አዩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«አመለወርቅ፣ ይህቺ ጣት መቼ ወጣችበት?»

«ከተወለደ ጀምሮ አለች፣ ባላምባራስ። ያልነበሩት አንቱ ነዎት።»

ባላምባራስ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ሸዋቀና ግን አልተረታም። «እኔ ምን ዋሸሁ? አባቱ ማኅተም አለው አልኩ፤ ይኸው አለው!»

«ተራ ውሻ ላይ ከተገኘ ሸዋቀና አይደለሁም ብለሃል አሉ» አሉ አያ ቢተው። «ታዲያ አሁን ማን ብዬ ልጥራህ?»

ያን ጊዜ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተንሸራተው ወደቁ። ባላምባራስ ጥቂት ሊቆጡ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠና እሳቸውም «ራዲያተር!» ብለው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አያ ቢተው ፈረዱ። «ጊደሯ ወደ ባለቤቷ፣ ቡችላው ወደ አባቱ። ባላምባራስና ሸዋቀና ከዛሬ ጀምሮ አማቾች ናችሁና ምሳ አብራችሁ ብሉ።»

ሸዋቀና እያጉረመረመ ጅረቱን ተሻግሮ ቦራን አመጣት። ወይዘሮ አመለወርቅ ሮጠው አንገቷን አቀፉ፤ አሁንም አለቀሱ፣ ይኼኛው ግን ደስታ ነው። «እናቴ ከሰማይ እያየችኝ ነው!» አሉ።

ባላምባራስ ቻለውን ጆሮውን እያሻሹ፣ ወደ አያ ቢተው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያ ቢተው፣ አደራዎን ይህ ነገር ከዚህ ግቢ አይውጣብኝ። ሰው የቡችላው ዘር የት ደረሰ ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይላሉ?»

አያ ቢተው ምርኩዛቸውን አንስተው ወደዚያ ወዳልተደፈነው ቀዳዳ አመለከቱና፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምን እላለሁ ባላምባራስ፤ ‘የቡችላ ዘር ቢቆጥር፣ ደረሰ ከራሱ አጥር’ እላለኋ!» አሉ።