ጃርትና የዝሆን ስንቅ

ተረት ተረት፤ የእንግዳ ቤት።

ኩርፊያዋ ከእሾኋ የሚብስ አንዲት ጃርት ነበረች። አንድ በጋ ሰደድ እሳት ጫካውን ሲበላው፣ አርባ ጥንቸሎች ነፍሳቸውን ይዘው ከጉድጓዷ ደጅ ደረሱ። ጃርትም፣ "እሾኼ እንዳይወጋችሁ ተጠንቅቃችሁ ግቡ፤ ኋላ ወቀሳ አልሰማም!" አለቻቸው። ለክረምት ያስቀመጠችውንም ሥራሥር አውጥታ አበላቻቸው።

በማግስቱ ወንዝ ማዶ ወዳለው፣ ጎተራው ወደማይጎድለው ዝሆን ቁራን ላከች። "አርባ እንግዳ አለብኝና እርዳኝ በለው" አለችው።

ቁራ ተልኮ ቶሎ አይደርስ፣ ዝሆን ተነሥቶ ቶሎ አይራመድ። ለአርባ ጥንቸል ስንቅ የሚሆን ሥራሥር በጀርባው ጭኖ ሲመጣ፣ እሳቱ ሌላም ጫካ በልቶ ጥንቸሎቹ ሰማንያ ሆነው ጠበቁት። ጃርት እያንዳንዷን ሥር ለሁለት እየገመሰች ለሁሉም አዳረሰች።

ዝሆን ይህን አይቶ አዘነ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሚቀጥለው የስንት ላምጣ?" አላት።

"የሰማንያ አንድ።"

"ደግሞ ማን መጣ?"

"የመጣስ የለም" አለች ጃርት፤ ከባዶ ጓዳዋም ወጥታ ከጥንቸሎቹ ረድፍ መጨረሻ ተቀመጠች።