ባለወርቅ ቀለበቱ ሌንስና ስም የለሹ

ተረቴን ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የመጣበት ራቅ ይበል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሲያወሩ፣ ዕቃም አፍ ሲያወጣ ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። አንድ ቀን የሚዳቋ ሙሽራ እያለከለከች መጣችባት።

«እመት ጦጢት፣ ዛሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ወንዙ ማዶ ይወስዱኛል። እናቴ አርጅታለች፤ ደግሜ ላላያት እችላለሁ። ዓይኗን የማይበት አንድ ጉርድ ፎቶ አንሺልኝ።»

ጦጢት እሺ አለች። ሌንሷ ግን ተሰንጥቋል። ስለዚህ ወደ ነጋዴው ወደ አያ ጅቦ ሮጠች። አያ ጅቦም ሁለት ሌንሶች አወጣላት።

«ሁለቱንም ሞክሪና አንዱን መልሺ። ካልመለስሽ ግን አንቺን እበላለሁ» አላት እየሳቀ።

አንደኛው የጦጢት ካሜራ በተሠራበት ቤት የተሠራ፣ አንገቱ ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው፣ በየጫካው ስሙ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ሌላ ቤት የሠራው፣ ዋጋው የዚያን ሲሶ የማይሞላ፣ ስሙንም ማንም የማያውቀው ነው።

«ይሄ የእንጀራ ልጅ ካሜራው ላይ እንኳ አይገጥምም» አለ ባለወርቁ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ ለአፌ የተስማማውን እጎርሳለሁ» አለ ካሜራው። «ሁለቱም ይገጥሙኛል።»

ጦጢትም «የታወቀ ይሻላል» ብላ ባለወርቁን ገጠመች።

እናቲቱ እማማ ሚዳቋ ነጠላዋን አጣፍታ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ሌንሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ የታላቁ ቤት ልጅ ነኝ» አለ። እሷም ብድግ አለች። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ፣ ዓይን ለዓይንም አያዩትም። አንገቷን ደፋች። ጦጢት ፎቶ አነሳቻት። ጸጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይን ግን የለም።

«እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉ።»

ቀና አለች፤ ዓይኗን ግን ጨፈነች። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጌታ ፊት ዓይኔን ላፍጥጥ? ያሳደጉኝ ምን ይሉኛል?» አለች። ሁለተኛውም ፎቶ ዓይን የለውም።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። የሙሽራው ወገኖች እልልታ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ጦጢት ጨነቃት፤ ባለወርቁን ነቅላ ስም የለሹን ገጠመች።

«እማማ» አለ እሱ፣ «እኔ ማንም አይደለሁም። ዓይኔም ቶሎ አይጠራልኝም፤ ትንሽ ይታገሱኝ።» እዝ እዝ እያለ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ።

እማማ ሚዳቋ አዘነችለት። ቁጭ አለች፣ ጠጋ አለች፣ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ በል። ማን ያባርርሃል? ልጄም መራመድ ስትጀምር እንዲሁ ነበረች» አለችና ፈገግ አለች።

ቀጭ!

ሙሽሪት ፎቶውን ስታይ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። «ስወድቅ እንዲህ ነበር የምታየኝ» አለች። ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ወንዙን ተሻገረች።

ባለወርቁ አኮረፈ። «እኔ እኮ ከእሱ ይልቅ አጥርቼ አሳያለሁ።»

«እውነት ነው ጌታዬ» አለች ጦጢት። «ጸጉር የሚቆጥር ሲመጣ ይገዛዎታል። እኔ ፊት አንሺ ነኝ።» ወስዳም ለአያ ጅቦ መለሰችው፤ እሱም ሳይበላት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፣ «አንገት የሚያስደፋ ስም ፊት አያሳይም» የሚባለው። እኔ አፌን ልዝጋ፤ እናንተ ቀና በሉ።