ለጅብ የተቀመጠ መርዝ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተው «ይህ ፍጡር ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» እያለ የሚጠይቅ። ቢያድግልኝ፣ አረፍ በልና ስማኝ። ከመንደሩ በታች ያለውን ረግረግ አድርቄ ባርሰው ምን ነውር አለው፣ ያለበት እንቁራሪትና ወፍ ብቻ ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሴ ይኸው።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር። ከብቱ የተሰማራ እንደሆነ ሜዳው አይታይም። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ግን አንዲት በቅሎውን ነበር፤ ሲቀመጥባት ሰው መንገድ ለቆ የሚያያት ዓይነት። አንድ ማለዳ ወጣ ቢል በረቱ ተጥሷል። ከበቅሎዪቱ የተረፈው ሰኮናዋና የጎድን አጥንቷ ነው። ጅብ በልቷታል።

ሰውየው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፣ እሱን አልነፍገውም። ግን እንባው ሳይደርቅ ቁጣ ሆነ፤ ቁጣው ደግሞ ትዕቢት ሆነ። ሚስቱ አስተዋይ ሴት ነበረችና «አጥሩ ከክረምት ጀምሮ ላልቷል፤ በረቱን እናጥብቀው» አለችው።

«እኔ ከአውሬ ተሸሽጌ ልኑር?» አላት። «በዚህ አገር ወይ እኔ እኖራለሁ ወይ ጅብ ይኖራል።»

ከመንደሩ ዳር አንድ ገደል ነበር። በሽታ የገደለው ከብት፣ የወደቀ አህያ፣ ሁሉም የሚጣለው እዚያ ነው። ጥንብ አንሳው ከሰማይ ይወርድበታል፤ ጅቡ አመሻሹ ላይ ይመጣል፤ ጌታ የሌለው ውሻ በመካከላቸው እየተሽሎከለከ የቀረችውን ይለቃቅማል። በሬ የሚያህል በድን ሳይገማ አጥንቱ ይቀር ነበር። ውሾቹ ቢወልዱም ቡችሎቻቸው አብዛኞቹ አያድጉም። ጥንብ አንሳና ጅብ የሚሻሙት ሥጋ ጡት ለምታጠባ ውሻ የሚተርፍ አይደለም። ይህን ሥራ ብሎ የቆጠረ ሰው አልነበረም። መንደርተኛው እነዚያን አሞራዎች ሲያይ አፍንጫውን ይዞ ምራቁን ይተፋል እንጂ።

ሰውየው አንድ ያረጀ በሬ አረደ። ሥጋውን እየሰነጠቀ መርዝ ሞላበትና ወደ ገደሉ አፋፍ አስጎተተው።

በማግስቱ ጅቦቹ እዚህም እዚያም ተዘርረው ተገኙ። መንደሩ ተሰብስቦ አየ፤ ሰውየውንም እያነሣ አሞገሰው። በጅቦቹ ዙሪያ ግን ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀው ነበር፤ ከጅቦቹ እጅግ ይበዛሉ። ገና ያልሞቱት ለመነሣት ይሞክሩና በአፍጢማቸው ይደፋሉ።

«አሞራዎቹስ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አሞራ ምን ይሠራልኛል?» አለ ሰውየው። «አይታረድ፣ አይጫን።»

ሰዎቹ ሳቁ። ያን ሳቅ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዚያው ዓመት የከብት በሽታ ገባ። ገደሉ በበድን ሞላ፤ የሚወርድበት አሞራ ግን የለም። ሥጋው ሰነበተ፣ ገማ፣ ንፋሱ ሽታውን ወደየቤቱ አመጣው። ከመርዙ የተረፉት ጥቂት ውሾች ከዚያ ገደል ሳይለዩ ከረሙ። ጥንብ አንሳ በዓመት አንዲት እንቁላል ነው የምትጥለው፣ እሷም ከተሳካላት። ውሻ ግን በአንድ ጊዜ ስድስት ሰባት ትወልዳለች፤ አሁን የሚሻማት ስለሌለ የወለደችው ሁሉ አደገ። ያደጉትም ወለዱ። ቀጥሎ ከብቱ ድኖ በድኑ ሲያልቅ ያ ሁሉ ውሻ ተርቦ ወደ መንደር ወጣ። ከመካከላቸው አንዱ አበደ፣ ሌላውን ነከሰ፣ ያም ሌላውን።

ዘርፌ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የአንድ ድሃ ገበሬ ልጅ፣ ለመታጨት የደረሰች፣ ቀልድ የምታውቅ። ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አንድ ውሻ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ቁስሉ ትንሽ ነበር። እሷን ያናደዳት ቀሚሷ መቀደዱ ነው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ፣ ወቅቱ የአጨዳ፣ ስለዚህ ማንም አልሮጠም። ቁስሉ ደርቆ ከተረሳ በኋላ ልጅቷ ትኩሳት ያዛት። እናቷ ውሃ ስታቀርብላት ጉሮሮዋ ተዘጋ። ከዚያ ጽዋው ገና ከሩቅ ሲታያት መጮኽ ጀመረች። ተጠማሁ ትላለች፣ ውሃ ሲመጣላት ትሸሻለች። አባቷ በገዛ እጁ አሰራት፤ ወንድሞቿን እንዳትነክስ። እንደዚያ ሆና ሞተች።

ባለጸጋው ለቅሶ መጣ። ከልቡ አዝኖ ነው የመጣው፤ ከአባትየው አጠገብ ተቀመጠና «ወንድሜ፣ ደሟ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» አለው። «መርዙ ገና አላለቀም። እነዚህን ውሾች አንድ ሳላስቀር እፈጅልሃለሁ።»

አባትየው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ተነሥቶ በለቀስተኛው ፊት የሰውየውን ኩታ ጨምድዶ ያዘ። ድሃ ባለጸጋን እንደዚያ ሲይዝ በዚያ መንደር ታይቶ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ጅቡን ፈጀህ፣ አሞራውን ፈጀህ፤ ውሻ መጣብን» አለው። «ውሻውን ስትፈጅ ቀጥሎ የሚመጣው ማን ነው? እሱን ንገረኝ። አንዲት ሴት ልጅ ቀርታኛለች፤ ከማን እንደምደብቃት ልወቅ።»

ያኔ ገደሉ አፋፍ ላይ የሳቁት ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀመጡ። ባለጸጋው ቤቱ ሲመለስ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መርዙን ቀበረው። ከዚያ ወዲያ ከብት በሞተበት ቁጥር ወደ ገደሉ እየሄደ ሽቅብ ይመለከት ነበር። አርጅቶ እስኪሞት አንድም ክንፍ አላየም። መንደርተኛው እስከ ዛሬ በድን ይቀብራል፤ ምንጭ የሚወርድም ዱላ ሳይዝ አይወርድም።

እንግዲህ ቢያድግልኝ፣ ባለጸጋው አንተ ነህ። ጥንብ አንሳው ያ የምትንቀው ረግረግ ነው፤ እንቁራሪቱም፣ ወፉም፣ ሣሩም። ውሻው ማን እንደሚሆን ብትጠይቀኝ አላውቅም። ትንኝ ይሁን፣ ተምች ይሁን፣ የምንጮች መድረቅ ይሁን፣ እኔም አንተም አናውቅም፤ ሳታውቅ ነው እጅህን የምታነሣው። ልጅቷ ግን የማን ልጅ እንደምትሆን አውቃለሁ። ያንተ አትሆንም። ያንተ ልጅ ከተማ ናት፣ ሐኪም ቤቱ ደጇ ነው። ስሟን የማታውቃት፣ ቤቷ ጎንበስ ብለህ የማትገባ የአንዱ ድሃ ልጅ ናት የምትከፍልልህ። የምቆጣህም ለዚህ ነው።