ለአንድ ጉድጓድ አራት ችግኝ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እህላቸውን በየጓዳቸው መደበቅ ሰልችቷቸው ባንክ ባቆሙበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ባንኩ የተሠራው ደን ከለበሰ ኮረብታ ግርጌ ነው። የተረፈው እህሉን እዚያ ያስቀምጣል፤ የቸገረው ደግሞ ይበደራል። የቦርዱ ሰብሳቢ አንበሳ፣ ሥራ አስኪያጁ ቀበሮ ነበሩ። ትልቁ ተበዳሪ ማን እንደሆነ መቼም ለመገመት አይከብድም፤ አያ ጅቦ ነው። በባንኩ ደንብ ደንበኛ ደንበኛን መብላት ክልክል ስለሆነ፣ አያ ጅቦ አህያዋን ባየ ቁጥር ምራቁን ዋጥ አድርጎ «እንደምን ዋልሽ» ብሎ ያልፋል።

የዳልቻ ሥራ ውሃ ማመላለስ ነው። ከኮረብታው ወገብ ላይ አንዲት ምንጭ አለች፤ መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ዳልቻ ጠዋት ባዶ ጀሪካን ጭና ትወጣለች፣ ሞልታ ትወርዳለች። ይሄ አንሶ ዘንድሮ አርግዛለች። ከምንጯ ሌላ ውሃ የሚገኘው ገደሉን ወርዶ ካለው ወንዝ ብቻ ነው፤ ያንን ገደል ደግሞ ሆዷ የገፋ አህያ ወርዳ አትወጣውም። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው። ምንጯ ካለች ዳልቻ በአገሯ ትወልዳለች፤ ምንጯ ከሌለች ሆዷን ይዛ አገር ለቃ ትሄዳለች።

ባንኩ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ «የማኅበራዊና የአካባቢ ኃላፊነት ቀን» የሚባል በዓል አለው። ቲሸርት ይታደላል። ድንኳን ይተከላል፤ እውነቱን ለመናገር ከችግኙ ይልቅ በጥንቃቄ የሚተከለው ድንኳኑ ነው። አንበሳ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ አንድ ችግኝ ይተክላል፣ እመት ጦጢት ፎቶ ታነሳለች፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳው ነው። ችግኙን፣ ድንኳኑንና ምሳውን ተሸክማ ኮረብታ የምታወጣው ዳልቻ ናት። ሌላ ማን ሊሆን ነው ታዲያ።

ዘንድሮ፣ በበዓሉ አራተኛ ዓመት፣ ሸክሟን አራግፋ ጉድጓዱን ብታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ጉድጓዱ የዓምናው ነው። የዓምናው ደግሞ የካቻምናው ነበር። ጎንበስ ብላ አፈሩን በኮቴዋ ገለጥ ብታደርገው፣ ሦስት ጥቁር ላስቲኮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው አገኘች። በየላስቲኩ ውስጥ መውጫ አጥቶ የተጠቀለለ የደረቀ ሥር አለ። አራተኛውም ችግኝ ከነላስቲኩ ተራውን ይጠብቃል።

«አቶ ቀበሮ፣ ችግኝ ሲተከል እኮ ላስቲኩ ይወልቃል» አለችው።

«ይወልቃል እንዴ?»

«ሥሩ በምን በኩል ይውጣ ታዲያ? ሦስት ዓመት ሙሉ ታፍኖ ነው የሞተው።»

ቀበሮ ከረባቱን አስተካከለ። «እመት ዳልቻ፣ እርስዎ የሸክሙን ሥራ በሚገባ ተወጥተዋል፤ ባንኩም ከልብ ያመሰግናል። ላስቲኩ ከወለቀ ግን አፈሩ ይበተንና የሰብሳቢያችንን መዳፍ ያቆሽሻል። ፎቶው ይበላሻል።»

«ዛፉስ?»

«ዛፉ ከበቀለማ ለከርሞ የት እንተክላለን?» አለ ቀበሮ፣ ነገሩ ሳይገባት በመቅረቱ አዝኖላት።

እንዲህ ላለ ጥያቄ ማን መልስ አለው? አንበሳ ችግኙን ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አቆመው፣ ተጨበጨበ፣ ጦጢት ፎቶዋን አነሳች።

ቀጥሎ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ሆነ። «የዓመቱ አረንጓዴ ደንበኛ» ተብሎ የተጠራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ። የቲሸርቱንና የምሳውን ወጪ የሸፈነው እሱ ነዋ። ከየት አምጥቶ ሸፈነው አትሉም? ከምንጯ በላይ ያለውን ደን እየቆረጠ ከሰል እያከሰለ ነው። መጥረቢያውን የገዛለት ደግሞ ባንኩ ነው፤ በብድር። ቲሸርቱ ሆዱ ላይ አልደርስ ብሎት እንደ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎት መድረክ ላይ ወጣ። የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፣ አሸተተው፣ ጨው ጨው ቢለው ጊዜ በላው።

ዳልቻ ከመድረክ እስኪወርድ ጠብቃ ጠጋ አለችው። «አያ ጅቦ፣ እባክህ ተው። ያንን ደን ከጨረስከው ምንጯ ትደርቃለች።»

«እኔ ውሃ አልቆረጥኩም። ዛፍ ነው የቆረጥኩት።»

«ውሃውን የሚይዘው እኮ ዛፉ ነው።»

አያ ጅቦ ሳቀባት። «ዛፍ እጅ አለው እንዴ የሚይዘው? አህያ መሆንሽን ሁልጊዜ እንዳሳወቅሽ ነው።»

ክረምቱ እንዳለፈ የፈራችው መጣ። ድሮ አንድ ጀሪካን ለመሙላት እፍኝ ገብስ የምትቆረጥምበት ጊዜ ይበቃት ነበር። አሁን ግማሽ ቀን ቆማ መጠበቅ ሆነ። መንደርተኛው ደግሞ ባንኩን ትቶ እሷን ይቆጣል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር በእሷ ላይ ተገልብጦ መጣ። «ምን አዘገየሽ? ምን ስትበይ ቆየሽ?» ይሏታል። ሆዷ ወር በገባ ቁጥር ይገፋል፣ ውሃው ወር በገባ ቁጥር ይቀጥናል። በመጨረሻ ተነስታ ባንክ ሄደች።

ባንኩ ሁለት በር አለው። በአንዱ ላይ «የኃላፊነት ክፍል»፣ በሌላው ላይ «የብድር ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። ዳልቻ በመጀመሪያው ገባች። ቀበሮ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል።

«ምንጯ እየደረቀች ነው» አለችው። «የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ገደል ልወርድ አልችልም። ለአያ ጅቦ የምትሰጡትን ብድር አቁሙልኝ።»

ቀበሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዴት ያለ ልብ የሚነካ ጉዳይ ነው። ምን ያደርጋል፣ እዚህ ክፍል ያለው ችግኝ፣ ቲሸርትና ድንኳን ብቻ ነው። ብድር ካሉኝ በወዲያኛው በር ይሂዱ።»

ዳልቻ ወጣች። ሆዷን እየጎተተች ሕንፃውን ዞራ ሌላውን በር አንኳኳች። ውስጥ ቀበሮ ጥቁር ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል። ትንሽ ያለከልካል።

«ምን ልታዘዝ?»

«አንተው አይደለህም እንዴ አሁን ያናገርኩህ?»

«እዚያ የኃላፊነት ክፍል ኃላፊ ነኝ። እዚህ የብድር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ አሠራር ነው።»

«እሺ ይሁን። ለአያ ጅቦ አታበድሩ። ዛፉን ጨረሰው።»

«አያ ጅቦ የተበደረውን በወቅቱ የሚመልስ ደንበኛ ነው፤ እኛ የምናየው ይህንን ነው። ዛፍ፣ ምንጭ፣ አካባቢ የሚባል ነገር ከሆነ ግን የኃላፊነት ክፍልን ያነጋግሩ። በወዲያኛው በር።»

ዳልቻ ሦስት ጊዜ ዞረች። ቀበሮም በውስጥ መተላለፊያ ሦስት ጊዜ ሮጠ፣ ሦስት ጊዜ ኮፍያ ቀየረ። በሦስተኛው ላይ ምላሱ ወጥቶ ከረባቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን ያህል ከሚሮጥ እኮ አንድ ጊዜ «እምቢ» ብሎ ለጅቡ ቢነግረው ይቀለው ነበር።

«ለመሆኑ» አላት እያለከለከ፣ «ባለቤትዎ በዚህ ጉዳይ ምን ይላሉ?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም?» አለች ዳልቻ። «ባል የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ባንክ ምን አመጣኝ?»

ቀበሮ ሊሸኛት ፈለገ። «በሉ እንግዲህ፣ ለእርስዎ ስንል ለምንጯ አንድ ነገር እናደርጋለን» ብሎ ቃል ገባላት።

አደረጉም። በሳምንቱ ምንጯ አጠገብ ትልቅ ታፔላ አቆሙ። «ይህችን ምንጭ የሚንከባከባት ባንካችን ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮረብታ ላይ ጥላ ያለው ነገር ታፔላው ብቻ ሆነ። ዳልቻም ጀሪካኗ ጠብ ጠብ እያለ እስኪሞላ እዚያው ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ምን ታድርግ።

አምስተኛው የኃላፊነት ቀን የደረሰው ዳልቻ የምትወልድበት ወር በገባ ጊዜ ነው። ዝናቡ እንደወትሮው አልመጣም። አንበሳ ኮረብታውን በፀሐይ ወጥቶ ሲጨርስ ጉሮሮው ደርቆ ነበር፤ ንግግሩን ሊጀምር አፉን ከፍቶ ድምፅ አልወጣ አለው።

«ውሃ» አለ።

ሁሉም ወደ ዳልቻ ዞረ። ዳልቻ ሁለቱን ጀሪካኖች መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ባዶ ናቸው።

«የለም፣ ጌታዬ። ምንጯ ከደረቀች ሦስት ቀኗ ነው።»

«እንዴት ትደርቃለች? እኔ በገዛ እጄ በየዓመቱ ዛፍ የተከልኩበት ኮረብታ አይደለም እንዴ?» አንበሳ ዙሪያውን አየ። «ይሁን፣ ውሃው ከሌለ ከዛፌ ሥር ትንሽ ልረፍ። የት ነው ያለው?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ዛፍዎ ገና በእድገት ሂደት ላይ ነው።»

«በአምስት ዓመት?»

«አራቱም እዚህ ናቸው፣ ጌታዬ» አለች ዳልቻ። ጉድጓዱ ውስጥ ጎንበስ ብላ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ በጥርሷ አውጥታ በአንበሳው እግር ሥር ደረደረቻቸው።

እዚህ ላይ አያ ጅቦ ደነገጠ። የእሱ ጥፋት ሊባል ነው ብሎ ወደ ፊት ወጣ። «እነዚህን እኔ አልነካሁም፣ ጌታዬ። እኔ የቆረጥኩት ከላይ ያሉትን ትልልቆቹን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ባንኩ በገዛልኝ መጥረቢያ ነው።» ራሱን በደንብ የተከላከለ መስሎት ወደ ቦታው ተመለሰ።

አንበሳ ራቁቱን የቀረውን ኮረብታ አየ። ላስቲኮቹን አየ። ቀበሮን አየ። ዳልቻ በልቧ ዛሬስ ፍርድ ሊሰጥ ነው አለች።

«ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ አንበሳ። «ኮሚቴ ይቋቋም። ሰብሳቢ እኔ፣ ጸሐፊ አቶ ቀበሮ። አባል ደግሞ አያ ጅቦ ይሁን፤ ስለ ዛፍ በቂ ልምድ አለው።»

ተጨበጨበ።

ዳልቻ እዚያው ቆማ አለቀሰች። የተናደደችው በጅቡ አልነበረም፤ ጅብ ምንጊዜም ጅብ ነው። የተናደደችው በራሷ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ጭና ያወጣችው እሷ ናት። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ቀበሮ ዞረች። «ባንክ ያስቀመጥኩትን ገብሴን ስጠኝ።»

«ዛሬ እኮ በዓል ነው፣ እመት ዳልቻ። ደግሞስ በየትኛው በር...»

«በፈለግኸው በር አውጣው። ገብሴን ስጠኝ።»

ገብሷን ጭና ጉዞዋን ወደ ተራራው ማዶ አደረገች። እዚያ ደን ሳይነካ ቀርቷል ሲባል ሰምታለች። ከኋላዋ ጦጢት ካሜራዋን አስቀምጣ ተከተለቻት። ሚዳቋ ተከተለች። ከርከሮ ስድስት ግልገሎቹን ነድቶ ተከተለ። ውሃ በሌለበት ታፔላ አይጠጣ ነገር። በሳምንቱ መንደሩ ባዶ ሆነ፤ ሁሉም እህሉን ይዞ ነው የሄደው። በባንኩ ጎተራ ውስጥ የቀረው አያ ጅቦ ለዕዳው መያዣ ያስቀመጠው ከሰል ብቻ ነበር።

ዳልቻ መንገድ ላይ በሁለተኛው ቀን ወለደች። ውሃ አልነበረም። ጦጢትና ሚዳቋ ተራ በተራ እየሮጡ ጠል ያረፈበት ሣር እያመጡ አጎረሷት። ውርንጭላዋ ለመቆም ሦስት ጊዜ ወደቀች፣ በአራተኛው ቆመች። ማዶ ሲደርሱ እናትና ልጅ ከጅረቱ ቆመው ጠጡ፤ ዳልቻ እየጠጣች እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ቀበሮ መጣ። ከረባቱ የለም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዳልቻ ውሃ ቀድታ አስቀመጠችለት፤ ቀበሮ አንገቱን አቀርቅሮ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ።

«እመት ዳልቻ፣ እባክዎን ይመለሱ» አለ ቀና ሲል። «የሚያስቀምጥ የለም፣ የሚበደር የለም። አያ ጅቦ ዕዳውን የሚከፍልበት ከሰል ገዢ አጣ። አሁን ደግሞ ደንቡን ትቶ እኔን እያየ ምራቁን መዋጥ ጀምሯል። ሰብሳቢያችን ናቸው የላኩኝ፤ የሚፈልጉትን ሁሉ እናደርጋለን።»

«ጠጥተህ ረካህ?»

«ረካሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንግዲያው አሁን የጠጣኸውን ያህል ውሃ ከድሮዋ ምንጫችን ስትጠጣ መጥተህ ጥራኝ።»

ቀበሮ ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱ እኮ ደን እስኪያድግ... በእኔና በእርስዎ ዕድሜ የሚሆን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ዳልቻ። «ለእኔ ካልደረሰ ለእሷ ንገራት።»

ውርንጭላዋ ግን ቀበሮን ዞራም አላየችው፤ ጡት እየጠባች ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በአንዱ በር ችግኝ እያደለ በሌላው በር መጥረቢያ የሚያበድር ባንክ፣ ጎረቤቶቹን ውሃ አስጠምቶ ባሰደደ ማግስት እሱም ባዶ ጎተራውን ታቅፎ እንደሚቀር ነው።